ሳይከፈት የተፈረመለት ከረጢት

የኔአለም ስሟን መጻፍ የቻለችው በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ፊደሉን ያስቆጠራት የጎልማሶች ትምህርት ቢሆንም፣ ፊርማዋን ያወጣችላት ግን አበልጇ ሰብሌ ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሰብሌ እጇን በእጇ ላይ ደርባ፣ እዚህ ጠምዘዝ፣ እዚያ ሳብ እያደረገች አስለመደቻት።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አውራ ጣትሽን ቀለም አትነክሪም» አለቻት።

የኔአለም ቤቷ እንደገባች በከሰል ቁራጭ ግድግዳው ላይ አሥር ጊዜ ፈረመች። ባሏ ተረፈ ከእርሻ ሲመለስ አየውና ቆሞ አነበበው። እሱ ትንሽ ያነባል።

«ደግ ነው፤ የማን ግድግዳ እንደሆነ ታወቀ» አለ።

ሰብሌ የሥርጉት የክርስትና እናት ናት። ሥርጉት የየኔአለም የመጨረሻ ልጅ ስትሆን፣ በሰማንያ ቀኗ ከጥምቀቱ አቅፋ ያወጣቻት ሰብሌ ነበረች። ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው በዚያች ደጋ መንደር፣ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አበልጅን አይከሱም፣ በአበልጅ ላይ አይመሰክሩም፤ ከአበልጅ ቤት የመጣ ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ሰብሌ በቅል እርጎ ከላከች ቅሉ እንቁላል ይዞ ይመለሳል። የኔአለም በርበሬ ከላከች ዕቃው ቆሎ ይዞ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ምንም በጠፋበት ወር እንኳ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አይታጣም። አምስት ዓመት ሙሉ በሁለቱ ቤት መካከል የተመላለሰው ዕቃ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ሥርጉት ግን አላድግ አለች። እኩዮቿ ጥጃ ሲያባርሩ እሷ ምሰሶ ተደግፋ ታያቸዋለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ በመጣች ቁጥር የክንዷን ውፍረት በባለቀለሙ ጥብጣብ ትለካለች፤ ጥብጣቡ በመጣችበት ቁጥር ቢጫው ላይ ያርፋል። «ቀዩ ላይ እንዳይደርስ» ትላለች፤ «ወተት ስጫት።» ላሚቱ ደግሞ ካቻምና ገደል ገብታለች። የኔአለም ያን ቢጫ ቀለም እህል ስትፈጭም፣ ወንዝ ስትወርድም ታየዋለች። ልጅቱ ተኝታ ሳለ ክንዷን በሁለት ጣቷ ከብባ የምትለካበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለዚህ ነው የሴቶቹ ማኅበር በጎች ሲያከፋፍል ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው። በጎቹ የአገሩ አይደሉም፤ አዋሲ ከሚባለው ዘር የተዳቀሉ፣ ላታቸው ሰፊ፣ ከግልገላቸው ተርፎ ለሰው የሚታለብ ወተት ያላቸው ናቸው። ለአሥራ ሁለት ሴቶች ሦስት ሦስት እናት በግ ደረሳቸው። መንደሩ ጉድ አለ።

«የበግ ወተት» አለ ተረፈ፤ «ከርሞ ደግሞ ዶሮ እናልባለን።»

«አንተ አትጠጣ። ለአንተ ማን ሰጠህ» አለችው።

ማኅበሩ አንድ ሕግ ነበረው። በተሰጣት በግ በዓመት ውስጥ ግልገል ያላገኘች ሴት፣ በጎቹን ተራ ለምትጠብቀው ታስረክባለች። ከየኔአለም ቀጥሎ ተራ የምትጠብቀው አልጣሽ ነበረች፤ ባሏ ለሥራ ሄዶ በዚያው የቀረባት፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት።

ጥር ሲጋመስ የእንስሳት ባለሙያው አስናቀው ከመካነ ሰላም መጣና ሴቶቹን በገበሬዎች ማሰልጠኛው ቆርቆሮ ቤት ሰበሰባቸው። ገና ወጣት ነው፤ ሲናገር እጁን ብዙ ያወናጭፋል።

«በግ እንደ ሰው ናት» አላቸው። «ሰውነቷ እየከሳ ሳለ ልጅ አትሻም። አሁን ሣሩ ደርቋል። አውራው ሊገባባት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ጀምራችሁ ጠንከር ያለ መኖ ብትሰጧት፣ ከገባባትም በኋላ ሦስት ሳምንት ብትቀጥሉ፣ ሰውነቷ ደግ ዘመን መጣ ብሎ ያምናል። አውራ ትፈልጋለች፣ ትይዛለች፣ መንታም ልትወልድ ትችላለች።»

«ሰውንም እንዲህ ማታለል ቢቻል» አለች ከኋላ አንዷ፤ ቤቱ ሳቀ።

መኖው ግን ለሁሉም አልበቃም። ልዩነቱም እንዲታይ ስለተፈለገ፣ ለስድስቱ ሴቶች ይሰጣል፣ የቀሩት ስድስት ሴቶች በጎች እንደ ወትሮው መስክ ብቻ ይውላሉ፤ ለከርሞ ይቀያየራሉ ተባለ። ዕጣ ወጣ። ለየኔአለም ደረሳት። ሰብሌ የጠቀለለችውን ወረቀት ፈታ አየችው፤ ባዶ ነው። እንደገና ጠቀለለችው።

«አይዞሽ አበልጄ» አለቻት የኔአለም፤ ደስታዋን ልትደብቅ እየሞከረች።

«አብሽሪ» አለች ሰብሌ። «ያንቺ የእኔም አይደል?»

ሰብሌ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ የአጅባር ከተማ ልጅ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት። ስድስቱን ከረጢት ከመካነ ሰላም በአይሱዙ ጭና ያመጣችው እሷ ናት። ለአምስቱ ሴቶች በዚያው ዕለት ከመኪናው ሥር አስረከበቻቸው። አምስቱም ከረጢታቸውን እዚያው ፈቱ፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው ዛቁ፤ አሸተቱ፤ አንዷ ቀመሰች። የየኔአለምን ግን «እኔ አደርስላታለሁ» ብላ አስቀርታ፣ በማግስቱ በአህያ ጭና እቤቷ ድረስ አመጣችላት።

«ይህን ሁሉ ዳገት ምን አስወጣሽ» አለች የኔአለም።

«ለአበልጄ ነዋ። አፉ ላልቶ ነበር፤ እንዳይፈስብሽ ብዬ በወስፌ ጠበቅ አድርጌ ሰፋሁልሽ።»

እውነትም የከረጢቱ አፍ በጥቁር ክር፣ እየተጠላለፈ በሚሄድ ስፌት ተሰፍቷል። ሰብሌ መዝገቡን ዘረጋች። «አንድ ከረጢት የተደባለቀ መኖ ተረከብኩ ይላል። እዚህ ላይ ፈርሚ።»

የኔአለም በመዝገብ ላይ ስትፈርም የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እስክሪብቶውን ከመያዟ በፊት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ተረፈ ሞፈሩን አስቀምጦ ሊያይ መጣ። ጠምዘዝ፣ ሳብ አድርጋ ፈረመች፤ ሰብሌ «ይኸው» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ። ከረጢቱን ግን አልፈታችውም። አበልጅ ጭና ያመጣችውን በፊቷ ፈትቶ መበርበር፣ ሌባ ነሽ እንደማለት ይቆጠር ነበር። ቤት ካስገባችው በኋላም ከጥጉ ብቻ ጥቂት ስፌት ተርትራ ጣሳ በሚያስገባው ቀዳዳ እየቀዳች ትሰጥ ጀመር። የሰብሌን ስፌት ሁሉንም መበጠስ አሳዘናት። የተደባለቀ መኖ ከዚያ በፊት አይታ ስለማታውቅ፣ መልኩ እንዲህ ነው ብላ ተቀበለችው።

አርባ ሁለት ቀን ሙሉ ሳታስተጓጉል ሰጠች። ለዳልቻዋ አንድ ጣሳ፣ ለነጮዋ አንድ ጣሳ፣ ለቦቃዋ አንድ ጣሳ። ባለሙያው አታድክሟቸው ስላለ፣ መኖውም ስላለ፣ መስክ ርቃ እንዳትነዳቸው ተጠነቀቀች፤ ከጓሮ አሰረቻቸው። በጎቹ በሉ። ግን ሆዳቸው ይነፋል እንጂ ጀርባቸው አይሞላም፤ አከርካሪያቸው በእጅ ይቆጠራል።

«እየበሉ ይከሳሉ» አለ ተረፈ። «እንደ እኔ።»

ሰብሌን ጠየቀቻት። «አብሽሪ፤ መኖው መጀመሪያ ሆዳቸውን ያጸዳል፣ ከዚያ ነው የሚያሰባቸው» አለቻት። የማኅበሩ አውራ በጋራ መስኩ ላይ ሲለቀቅ የኔአለምም በጎቿን ወሰደች። አውራው ሦስቱንም አሸተታቸው፤ ከንፈሩን አንዴ ሰቀለ፤ ትቷቸው ወደ ሌሎቹ ሄደ። በየቀኑ ወሰደቻቸው። በየቀኑ እያሸተተ አለፈ።

ሐምሌ ገባ። ጉሙ መንደሩን እንደዋጠ በየጉሮኖው ግልገል ይጮህ ጀመር። መኖ የደረሳቸው አምስቱ ሴቶች በጎች ወለዱ፤ ሦስቱ መንታ። መኖ ካልደረሳቸው የአንዳንዶቹ ወለዱ፣ የአንዳንዶቹ ቀሩ። የሰብሌ በጎች ግን፣ መስክ ብቻ የዋሉት፣ አምስት ግልገል ወለዱላት፤ ሁለቱ መንታ መንታ። «የሰብሌ እጅ ርጥብ ነው» ተባለ። የየኔአለም ጉሮኖ ዝም እንዳለ ቀረ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ደረሳት። መኖውን ለተረፈ በሬዎች አበላችው ተባለ። የተረፈ በሬዎች ደግሞ፣ እንደ አጋጣሚ፣ በዚያ ዓመት ሰውነታቸው ያማረ ነበር። የኔአለም መጀመሪያ ራሷን ጠረጠረች፤ ጣሳው አንሶ ይሆን፣ ጨው አብዝቼ ይሆን፣ አስሬ ማዋሌ ይሆን እያለች። ቀጥላ፣ ይህን ስታስብ እንኳ ልቧ እየፈራ፣ ባሏን ጠየቀችው።

«ተረፈ፤ እኔ ውኃ ስወርድ ከከረጢቱ ዘግነህ ለበሬዎቹ ሰጥተህ ታውቃለህ?»

ተረፈ ሊጎርስ ያነሣውን እጁን መለሰው። «የሥርጉትን ወተት ነው ለበሬ ሰጠህ የምትይኝ?» አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቀልድ አልወጣውም። ተረፈ ቀልድ ካልወጣው ቤቱ ይጨልማል።

በሐምሌ መጨረሻ ሰብሌ ላከችባት። «ልጄን አምጫት፤ በጎቼን ማለብ ጀምሬያለሁ፣ ወተት ትጠጣ» አለች። የኔአለም ሥርጉትን አዝላ ጭቃውን ተሻግራ ሄደች። ሰብሌ ከእናት በጓ አልባ፣ አፍልታ፣ በትንሿ ቅል ሰጠቻት። ሥርጉት በሁለት እጇ ይዛ ሳትተነፍስ ጨረሰችው። ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ መስመር ቀረ። የኔአለም ፊቷን አዞረች፤ እንባዋ እንዳይታይባት።

«እግዜር ይስጥልኝ አበልጄ። ግልገሎቹን ደግሞ ልያቸው» ብላ ወደ ጉሮኖው ወጣች።

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ከጉሮኖው ክዳን ሥር ተጠጋች። መንትዮቹ ግልገሎች ብርድ እንዳይነካቸው ከረጢት ተነጥፎላቸው ተኝተዋል። ጎንበስ ብላ ዳሰሰቻቸው፤ ይሞቃሉ። ከአጠገባቸው በጎቹ የሚበሉበት የእንጨት ገበታ አለ፤ ከስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ተጣብቋል። በጥፍሯ ፋቀችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የኑግ ፋጉሎ ነው። ኑግ የማይሸተው የዚያ አገር ሰው የለም። ፋጉሎና ፉርሽካ ተደባልቆ፣ ዘይቱ ገና ከጣት ላይ የማይለቅ። የኔአለም አርባ ሁለት ቀን ሙሉ መኖ ስትቀዳ እጇ አንድ ቀን እንዲህ ሸትቶ አያውቅም። የእሷ መኖ የሚሸተው አውድማ አውድማ ነበር።

የግልገሎቹን ንጣፍ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። አፉ በማሽን የተሰፋበት ነጭ ክር ከአንድ ጥጉ ላይ ገና አልተላቀቀም፤ ከክሩ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል። እንደ ለመደችው ፊደል በፊደል አነበበችው። የበግ መኖ ይላል።

ሰብሌ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን ሆነሽ በዝናቡ ቆየሽ?»

«ይህ ከረጢት የማን ነው ሰብሌ?»

«እሱማ… ወንድሜ ከአጅባር የላከልኝ ነው።»

«በሥርጉት ማዪልኝ።»

ከቤት ውስጥ ሥርጉት ቅሉን በጣቷ እየጠረገች ስትልስ ይሰማል።

«በክርስትና ልጅሽ ማዪልኝና ልሂድ» አለች የኔአለም እንደገና። ድምፅዋ አልጨመረም።

«ዕጣው ባዶ ወጣብኝ» አለች ሰብሌ በመጨረሻ። «ጸሐፊዋ እኔ፣ ወርጄ የማመጣው እኔ፣ በሰው ጉሮኖ ግልገል ሲንጫጫ የማይ እኔ። መጀመሪያ እኩል ልካፈልሽ ነበር ያሰብኩት። ሰው አካፍሎ ይበላ የለ? ከዚያ ከረጢቱን ስፈታው… እጄ አልመለስ አለኝ። በሌላ ከረጢት የገብስ እብቅ ሞላሁ፤ መልኩ እንዲመስል ፉርሽካ ጨመርኩበት።»

«ስድስት ሴቶች ነበርን። ለምን የእኔን?»

ሰብሌ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«የሌሎቹ ይፈቱታላ» አለች። «አንቺ እንደማትፈቺው አውቅ ነበር።»

የኔአለም ግልገሎቹን አየች። ሞቋቸው ተኝተዋል። ከሁሉ ነገር ይህ ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፤ አንቺ እንደማትፈቺው አውቅ ነበር።

«ሐሙስ ስብሰባ አለ» አለች ሰብሌ ክንዷን ይዛ። «ከእኔ አፍ ይውጣ። ራሴ እናገራለሁ። አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ፤ አበልጅ አበልጅን በአደባባይ ከሰሰች እንዳይባል። አብሽሪ።»

የኔአለም ተስማማች። ነውሩ የሁለቱም መስሎ ተሰማት።

ቤት ስትደርስ ለተረፈ ሁሉንም ነገረችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው። ተረፈ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ። «በሬዎቼን አምተሻቸዋል፤ እነሱንም ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።» ቀልዱ ተመለሰ ማለት ነው። ወዲያው ግን ፊቱ ከበደ። «ትናገራለች ብለሽ ነው?»

«ልጄ ወተት እየጠጣች ነው ቃል የገባችልኝ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፊርማሽ እሷ ዘንድ ነው የኔአለም። ለማንኛውም ከረጢቱን ይዘሽ ሂጂ።»

ከከረጢቱ ሥር ሁለት ጣሳ ያህል ቀርቶ ነበር። አፉ አሁንም ከአንድ ጥጉ በስተቀር በጥቁሩ ክር እንደተሰፋ ነው።

ሐሙስ ቀን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ አስናቀው እንዲሰማ እየጮኸ ይናገር ነበር። የኔአለም ከረጢቱን ከወንበሯ ሥር አድርጋ ከሰብሌ ጎን ተቀመጠች። ሰብሌ መዝገቡን አንሥታ የእያንዳንዷን ውጤት አነበበች። ድምፅዋ ንጹሕ ነው፤ ማንበብ ታውቅበታለች።

«የኔአለም፦ አንድ ከረጢት የተደባለቀ መኖ ተረክባለች። ፈርማለች። ከሦስት በግ የወለደ የለም።»

የኔአለም ጠበቀች። አሁን ነው፣ አሁን ትናገራለች አለች በልቧ። ሰብሌ ገጹን ገለጠችና የሚቀጥለውን ስም አነበበች።

ንባቡ ሲያልቅ አስናቀው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ የኔአለም፤ ቅር እንዳይልዎ። መኖ ከደረሳቸው ስድስቱ ያልወለደው የእርስዎ ብቻ ነው። ይህን እኔ ለአለቆቼ መጻፍ አለብኝ። መኖው የት ሄደ?»

«የተረፈን በሬዎች ጠይቋቸው» አለች አንዷ። ሳቁ ከቆርቆሮው ጫጫታ በላይ ተሰማ።

የኔአለም ወደ ሰብሌ ዞረች። ሰብሌ ዓይኗን ከመዝገቡ አላነሣችም። በወንበሩ ሥር ግን እጇን ሰዳ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። «አብሽሪ፤ በኋላ» አለች በሹክሹክታ።

«ሕጉ ሕግ ነው» አለ አስናቀው። «በጎቹ ለአልጣሽ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ማስረከብዎን ይፈርሙልኝ።»

መዝገቡ ፊቷ ተዘረጋ። የዛሬ ስድስት ወር የፈረመችው ከላይ አለ፤ ጠምዘዝ፣ ሳብ። ያን ቀን እንዴት ኮርታ እንደነበር አስታወሰች። አሁን ያች ፊርማ እንደ ባዕድ አፍጥጣ አየቻት።

«ከመፈረሜ በፊት የምጽፈው አለኝ» አለች።

ማንም አልከለከላትም። ጎንበስ ብላ፣ ከድሮው ፊርማዋ ሥር፣ ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረች። መስመሩ ወደ ታች ይወርድባታል። ሴቶቹ ጠበቁ።

«ፊርማዋ ረዘመሳ» አለች አንዷ።

«እናቷ ያወጣችላትን ስም እየጻፈች ይሆናል» አለች ሌላዋ። የኔአለም ቀና አላለችም። ስትጨርስ መዝገቡን ለአስናቀው አዞረችለት። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ከረጢቱን ሳልፈታ ፈረምኩ። ውስጡ እብቅ ነበር።»

ከወንበሯ ሥር ከረጢቱን ጎትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አስናቀው በጥጉ ቀዳዳ እጁን ሰዶ ዘገነ፤ መዳፉን ዘርግቶ እፍ አለበት። እብቁ በቤቱ ውስጥ በነነ፤ መዳፉ ላይ ጥቂት የፉርሽካ ፍቅፋቂ ቀረ። አሸተተው።

«ይህ እኔ የላክሁት አይደለም» አለ። «የእኛ ከረጢቶች በነጭ ክር፣ በማሽን ነው የሚሰፉት። ይህን ማን ሰፋው?»

አልጣሽ ተነሥታ ከረጢቱን ቀረብ ብላ አየችው። «ይህማ የሰብሌ ስፌት ነው። የእኔን አቅማዳ የሰፋችልኝ እሷ አይደለችም? እንዲህ እያጠላለፈ የሚሰፋ ሌላ ሰው እዚህ የለም» አለች። ክፋት አስባ አልነበረም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሰብሌ ዞሩ።

«እትዬ የኔአለም፤ ማን ነው ያመጣልዎ?»

«ያመጣችው እዚሁ አለች። እሷ ትናገር» አለች የኔአለም።

ሰብሌ ተነሣች። የኔአለም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። እንዲያውም አሁን ስትነሣ ልቧ ቀለል አላት፤ ዘግይታም ቢሆን ቃሏን ልትጠብቅ ነው ብላ አመነች።

«እኔ ያመጣሁት መኖ ነው» አለች ሰብሌ። «ላልቶ ስለነበር አፉን ሰፋሁት፤ ይህ ወንጀል ከሆነ እንጃ። ከዚያ ወዲህ ማን ከፍቶ ምን እንደጨመረበት እኔ በምን አውቃለሁ? ተረክባ ፈርማለች። ፊርማውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የራሷ ነው።»

የኔአለም መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አልነበረም። ቀኝ እጇ ነው የቀዘቀዘባት፤ ያን እሑድ ሰብሌ የያዘችው እጅ። በግራ እጇ ሸፈነችው።

«የሰብሌ ግልገሎች የተኙበትን ንጣፍ ሄዳችሁ እዩ» አለች። «ነጩ ክር አለበት። ወረቀቱም አልወለቀም፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ገበታው ስንጥቅ ውስጥ ፋጉሎ አለ።»

አስናቀው ከሦስት ሴቶች ጋር በዝናብ ወጣ። ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ከሴቶቹ አንዷ ያን ከረጢት በብብቷ ይዛ ነበር፤ የግልገል ፀጉር ተጣብቆበታል። ሰብሌ መዝገቡን ዘጋችው፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ከላዩ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ተከናንባ በዚያ ዝናብ ወጥታ ሄደች። በየኔአለም በኩል ስታልፍ አላየቻትም።

በጎቹ ከየኔአለም ጋር ይቆዩ፣ ለመስከረም እውነተኛው መኖ ይሰጣት፣ አውራው እንደገና ይለቀቅባቸው ተባለ። አስናቀው ሙከራው እንደተበላሸ እጽፋለሁ አለ። አልጣሽ ብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«እኔስ? እኔ ምን አጥፍቼ ነው ሌላ ዓመት የምጠብቀው?»

የኔአለም የሚያጽናናት ቃል ፈለገች፤ አፏ ላይ የመጣላት «አብሽሪ» ብቻ ስለነበረ መልሳ ዋጠችው።

ስሟ ጸዳ። ተረፈ በሬዎቹን «ነጻ ወጥታችኋል» ብሎ ሲያበስራቸው እንኳ ፈገግ አለች። ግን በጎቹ መስከረም አውራ ቢይዙ የሚወልዱት የካቲት ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ በሳምንቱ መጣችና ጥብጣቡን በሥርጉት ክንድ ጠመጠመችው። ቢጫው ሊያልቅ ጫፉ ላይ ነው።

«የካቲት ድረስ አትጠብቂ» አለቻት። «ከየትም ብለሽ ወተት አግኝላት።»

የሌሎቹ በጎች ወተት ከግልገሎቻቸውና ከየቤቱ ልጆች አያልፍም፤ በመንደሩ በዚያ ሰሞን ለሌላ ሰው የሚተርፍ ወተት ያለው አንድ ቤት ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማለዳ፣ ሰብሌ ራሷ መጣች። ከአጥሩ በር ውጭ ቆማ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ አድርጋ፣ ትንሿን ቅል በሁለት እጇ ይዛለች። ከቅሉ አፍ እንፋሎት ይወጣል።

«ለልጄ ነው» አለች።

ተረፈ ከቤት ውስጥ «ድፊውና ትሂድ» አለ።

የኔአለም ወደ በሩ ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአጥር በር ወዲያና ወዲህ ቆመው ተያዩ። ሰብሌ ከስታለች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ የኔአለም ቅሉን ተቀብላት ገባች።

ገና አምስት ዓመቷ ስለሆነ ሥርጉትን የፍልሰታው ጾም አይመለከታትም። ምድጃው ሥር ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እስከ ጭላጩ ጠጣችው። የኔአለም አጠገቧ ቆማ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየች። ከዚያ ቅሉን ተቀብላ በሙቅ ውኃ አጠበችው፤ ከውስጥም ከውጭም፣ ሁለት ጊዜ። እጇ ሳታዘው ወደ እንቁላሉ ቅርጫት ሄደ፤ ሦስት እንቁላል አለ። እጇን መለሰች።

ወጥታ ቅሉን ሰጠቻት። ሰብሌ ስትቀበለው ክብደቱን በመዳፏ አወቀችው። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች፤ እንዳላመነች ጣቷን አስገባች። እርጥብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም። ቀጥላ በጭቃው መንገድ ቀስ እያለች ሄደች።

በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። ቅሉ ሞልቶ ይመጣል፣ ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል። በአራተኛው ቀን ሥርጉት የቤተ ሰቡን ደንብ ከማንም በላይ ስለምታውቅ፣ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማ፤ እንቁላሉን ረሳሽው።»

«አልረሳሁም ልጄ» አለች የኔአለም።